ከፋዩ ማን ነው?

ስለ ኪነ ጥበብ ሙያና ስለ እንጀራው ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ከዚህ መድረክ ላይ ሆኜ ሳይ አዳራሹ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ፊት ፊቱን የያዙት ወላጆች ናቸው፤ ከኋላ ተደራርበው የተቀመጡት ልጆቻቸው። ልጁ «ሥዕል ልማር» ወይም «ፊልም እሠራለሁ» ብሏል፤ እናት ወይም አባት «ምን ልትበላ?» ብለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ በኩርፊያ ሰንብቷል። ልጆች፣ ከእናንተ ጋር ልጣላና ልጀምር፤ የወላጆቻችሁ ጥያቄ ትክክል ነው። እናንተ ግን ለሌላ ጥያቄ ነው መልስ የምትሰጡት። «ምን ትበላለህ?» ስትባሉ «ተሰጥኦ አለኝ» ትላላችሁ። ተሰጥኦ የላችሁም ያለ የለም። የተጠየቃችሁት ስለ ከፋዩ ነው። ማን ይከፍላችኋል? ለምኑ? ከከፈለ በኋላስ እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል? ዛሬ የማወራው በሙሉ ከነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አይወጣም።

ከሩቅ ልነሳ። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት አጠገብ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው፣ ከሥዕሎቹ መካከል እቴጌ ምንትዋብን በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ያገኛቸዋል። ደብሩን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሠዓሊው ከፋዩን ከነክብራቸው ሥዕሉ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በዚያ ዘመን የሠሩት ሠዓሊዎች ግን አብዛኞቹ ስማቸውን እንኳ አልተዉልንም። ይህን የማነሳው ለመቆጨት አይደለም። አሠራሩ እንደዚያ ነበር፤ ሠዓሊው ቀለብና ማደሪያ ያገኛል፣ ሥራው ለጽድቅ ይቆጠርለታል፣ የሚታየው ስም የአሠሪው ነው። ሥራ መፈለግ ማለትም ደብር የሚያሠራ ጌታ ወይም እመቤት ዓይን ውስጥ መግባት ማለት ነበር። አዝማሪውም እንዲሁ፤ ከፋዩን ፊት ለፊት እያየ፣ ስሙን እየጠራ ይዘፍናል፣ ሽልማቱን እዚያው ይቀበላል። በነገራችን ላይ ከሁላችንም ይልቅ ደንበኛውን የሚያውቅ ባለሙያ አዝማሪው ነው። ማን እንደሚሰጥ፣ ማን አጨብጭቦ እንደሚሄድ ገና ከበር ሲገቡ ይለያል።

ከዚያ ከፋዩ መንግሥት ሆነ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ገና በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የሄዱት ምሕንድስና ሊያጠኑ ነው። (ምሕንድስና ለኪነ ጥበባችን ያልተነገረለት ባለውለታ ሳይሆን አይቀርም።) አፈወርቅ ተመልሰው መጥተው የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕሎች ሠሩ፤ ስፋታቸው በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። አንድ ወጣት ከኪሱ አውጥቶ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት አያሠራም። እንዲህ ያለ ሥራ ትልቅ ከፋይ ይፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ትልቅ ከፋይ አንድ ብቻ ነበር።

ሙዚቀኞቹም የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ቤት ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ተዋናይና ተጫዋች ቀጥረዋል። በወታደር ባንዶቹ ውስጥ መሣሪያው ሳይቀር የክፍሉ ንብረት ነው፤ ሳክስፎኒስቱ ከሥራው ቢለቅ ከሳክስፎኑም ይለያያል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወር ጠብቆ ይመጣል። ወላጆች «መንግሥት ቤት ግባ» ሲሉ የሚያስታውሱት ያንን ነው፤ ትዝታው ውሸት የለበትም።

የደራሲዎቻችን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በዲፕሎማትነትና በከፍተኛ ባለሥልጣንነት የኖሩ ሰው ነበሩ። እንጀራቸው ከልቦለዱ አልመጣም። ይህን ለወጣት ጸሐፊዎች ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ ደራሲ ከነጋ እስከ መሸ የሚጽፍ ሰው ይመስላቸዋል። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ግን ሌላ ሥራ መያዝ ከጥንት የነበረ ነው። ሥራው ለድርሰቱ የሚሰጠው ነገርም አለ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆነ። ለ«ኦሮማይ» መነሻ የሆነውን የኤርትራ ዘመቻ ከቅርብ ያየው በመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ደመወዝ ከፋዩ፣ ፈቃጁና ቀጪው አንድ አካል ሲሆን የሚሆነው ይህ ነው። ስለዚህ ስለ ከፋይ ስናወራ ስለ ገንዘብ ብቻ እያወራን አይደለም።

አሁን ከሁሉ የምወደውን ሰው ላምጣ፤ አምኃ እሸቴን። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ መሸጫ የነበራቸው ወጣት ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ የውጭ አገር ሸክላ ሞልቷል፤ ሌሊት በየክበቡ የሚጫወቱት የእኛ ልጆች ዘፈን ግን በሸክላ የለም። ለምን? ሸክላ የማሳተም መብት በቤተ መንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበረ ነው። አምኃ ይህን እያወቁ ዓለማየሁ እሸቴን ስቱዲዮ አስገብተው ቀዱ፤ ማስተሩን ወደ ሕንድ ላኩ፤ ሸክላው ታትሞ መጣ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1969 ነበር። ያሰራቸው የለም። ገዢው ተሻምቶ ገዛ። እነ ካይፋ ሪከርድስም መንገዱን ተከትለው መጡ።

አምኃ ያዩትን ነገር ልብ በሉልኝ። ዘፋኙ አለ፣ ባንዱ አለ፣ አድማጩም አለ። አድማጩ የሚከፍልበት ቀዳዳ ብቻ አልነበረም። ክበብ ገብቶ ውስኪ መግዛት ለማይችል ጸሐፊና ተማሪ፣ ለጅማና ለደሴ ሰው፣ የሚገዛ ዕቃ አስቀመጡለት። አዲስ ከፋይ ተገኘ፤ እሱም ሕዝቡ ነው። ዛሬ ላይ «ገበያ የለም» የሚል ወጣት ሲያጋጥመኝ፣ ገበያው የለም ወይስ መክፈያው ነው የጠፋው ብዬ እጠይቀዋለሁ።

የአምኃ ነገር እዚያ አላበቃም። ደርግ ሲመጣ አገር ለቀው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ የድርጅታቸውም ሥራ ቆመ። ቅጂዎቹ ግን የእሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ሲጀምር ከአምኃ ሪከርድስ ሥራዎች ብዙ ወሰደ። የሙላቱ ሙዚቃም በዚያ በኩል የአሜሪካዊው ፊልም ሠሪ የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2005። ሙላቱ ያኔ ስድሳን አልፈዋል። በወጣትነት የተቀዳ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ አህጉር ላይ ሌላ ከፋይ አመጣ። ይህ ሊሆን የቻለው ቅጂው ስለተጠበቀና የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው።

የካሴት ዘመን ልጆች ግን በዚህ በኩል አልታደሉም። ካሴት ቤቱ ለድምፃዊው አንድ ጊዜ ይከፍላል። የግጥም ደራሲው በዘፈን ሒሳብ ተቀብሎ ይሄዳል፤ የዜማ ደራሲውም፣ አቀናባሪውም። ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ፣ ድጋሚ ይታተም፣ ሬዲዮ ሌት ተቀን ያጫውተው፣ ወደ ኪሳቸው የሚመለስ ነገር አልነበረም። ስምምነቱ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው፤ ቢጻፍም አንድ ገጽ አይሞላም። አገሩ በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ጽፈው በዕርዳታ የታከሙ ሰዎች እንዳሉ የማያውቅ አለ? ሽልማት ሰጠናቸው፣ ገንዘብ አዋጣንላቸው፣ አለቀስንላቸው። ድርሻቸውን አልሰጠናቸውም እንጂ። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይህን ሲሟገትበት ኖሮ፣ ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አቋቋመ። አድማጩ በስልኩ ይከፍላል፣ ክፍያው ለድምፃዊውም ለደራሲውም ለአቀናባሪውም ይከፋፈላል የሚል ሐሳብ ነበር። አምኃ በሸክላ የሞከሩትን እሱ በስልክ ሞከረው።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በእጃችን አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት የኢኮኖሚ መብቱ ይጠበቃል። ማሻሻያው ደግሞ ባለመብቶች ተሰባስበው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲያቋቁሙ በር ከፍቷል። አዋጁን እስከ መጨረሻው ያነበበ ባለሙያ ግን ከመቶ አንድ አላገኝም። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እንድትቆሙ እለምናችኋለሁ፤ ተቀጥራችሁ ወይም በአገልግሎት ውል ታዝዛችሁ የሠራችሁት ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ» የሚለው ሐረግ ነው የእናንተ መግቢያ። መፈረም ከመጀመራችሁ በፊት አፋችሁን የምትከፍቱት እዚያ ላይ ነው፤ ከፈረማችሁ በኋላ ጠበቃ ነው የሚናገርላችሁ፣ ጠበቃ ደግሞ በነፃ አይናገርም።

ከባሕር ማዶ አንድ ሰው ልጨምር። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ናቸው፤ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አንይዝም አሉ። እሳቸውና ባለቤታቸው ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ አዳራሹን ሞላው። ከተማ በከተማ እንዲያ እያሉ ዞሩ። በኋላ በዚያው ፊልም ስም ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት መጻሕፍትና ፊልም የሚሸጥበት ካፌ ከፈቱ። «ጤዛ»ም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ተሸለመ። የኃይሌን እንጀራ በዝርዝር ብትመለከቱት የመምህርነት ደመወዝ አለ፣ የሲኒማ መግቢያ አለ፣ የቪዲዮና የመጽሐፍ ሽያጭ አለ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይዞ ያቆየዋል። «ጥበብን በንግድ አረከሰ» ብሎ የተናገራቸው ሰው አልሰማሁም።

እሺ፣ ወደ እናንተ እንምጣ። ትምህርት ጨርሳችኋል፣ ወይም ሳትጨርሱ እየሠራችሁ ነው። «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል፤ «ሠዓሊ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግን ጋዜጣ ላይ ስንቴ አይታችኋል? መምህርነት አለ፤ የማስታወቂያ ድርጅት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ማተሚያ ቤት፣ የባንኮች የማርኬቲንግ ክፍል አለ። እነዚህ እንደማንኛውም ሥራ በማመልከቻ ይገኛሉ፤ ያገኘ ይግባ፣ እኔ አልንቃቸውም። የተቀረው ሥራ ሁሉ የሚመጣው ሥራችሁን ያየ ሰው ለሌላ ሰው ሲናገር ነው። «በሰው በሰው ነው» እያላችሁ ታማርራላችሁ። በሌላ መስክ ቢሆን አብሬያችሁ አማርር ነበር። ገዢው ግን የግጥምን ወይም የቪዲዮ ቅንብርን ጥራት በዲፕሎማ መለካት አይችልም፤ የሚያምነው «እገሌ ሠርቶልኛል፣ በቀኑ አስረክቦኛል» የሚል ሰው ነው። «በቀኑ» የምትለዋ «አሳምሮ» ከምትለዋ ትበልጣለች ስላችሁ አትዘኑብኝ።

የምታሳዩትም ነገር ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሃያ የሠርግ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ከለጠፋችሁ ሃያ አንደኛው ሠርግ ይመጣል። ዘጋቢ ፊልም መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ፣ ማንም ባያዛችሁም አንዲት አምስት ደቂቃ የምትሆን ዘጋቢ ፊልም ሠርታችሁ ከፊት አስቀምጡ። ሠርጉን አትተዉ፤ ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። ከፊት አታስቀምጡት ነው የምለው።

አሁን ስልክ ይጮኻል። ካፌ ሊከፍቱ ያሰቡ ሰው ናቸው። «ወንድሜ፣ ሎጎ ፈልጌ ነበር። ትንሽ ነገር ናት፤ አንተ ደግሞ በአንድ ሰዓት ትጨርሳታለህ።» እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወጣት አውቃለሁ። አንዱ ተቆጥቶ ስለ ዲዛይን ክብር ያስተምራቸዋል፤ ደንበኛው ይሄዳሉ። ሌላው «እሺ ጋሼ» ይልና ዋጋ ሳይነጋገር ይጀምራል፤ በአምስተኛው ማስተካከያ ላይ ያለቅሳል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ጠይቋቸው። ሎጎው የት የት ይውላል? በር ላይ ብቻ ነው፣ ወይስ ኩባያና ማሸጊያ ላይም? መቼ ይፈለጋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ የሚያጸድቀው ማን ነው? በዚህ ሙያ ውስጥ ስንት ድካም የቀለጠው በዚች በሦስተኛዋ ጥያቄ ነው! ጋሼ ወደዱት፣ አመሰገኑ፣ አበቃ ስትሉ፣ አትላንታ ያሉት ወንድማቸው ፎቶውን በስልክ አይተው «ቀለሙ አላማረኝም» ይላሉ። ገንዘቡን የላኩት እሳቸው ናቸው ለካ። ከፋዩን ሳታውቁ ነበር ስትሠሩ የከረማችሁት።

ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ገጽ ጻፉ። የምትሠሩት ምን እንደሆነ፣ ስንት አማራጭ እንደምታቀርቡ፣ ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነና ከዚያ በላይ እንደሚከፈልበት፣ መቼ እንደምታስረክቡ፣ ዋጋው፣ ቀብዱ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ አትጀምሩ። ሥራውን ለማየት የሚበቃ፣ ለማተም የማይበቃ ቅጂ ላኩ፤ ዋናው ፋይል የሚሰጠው ቀሪው ሒሳብ ሲገባ ነው። ይህን «ነውር ነው፣ እንዳልተማመንን ይቆጠራል» የሚል አለ። ቤት ስንከራይ ውል እንጽፋለን፤ እቁብ ስንጥል እንኳ ዳኛና ጸሐፊ እንሾማለን። ለሥዕልና ለዜማ ሲሆን ነው ውል የሚያሳፍረን።

ዋጋው እንዴት ይወጣል? የጓደኛን ዋጋ ሰምቶ ጥቂት ከሱ ዝቅ ማለት የተለመደ ነው፤ ሁላችንንም ያደኸየን ይኸው ነው። ከራሳችሁ ኑሮ ጀምሩ። ለምሳሌ በወር ለመኖር፣ ለኢንተርኔትና ለመሣሪያ እድሳት ጭምር 30 ሺህ ብር ያስፈልጋችኋል እንበል። በወር ውስጥ በእውነት የሚከፈልባቸው ቀናት ስንት ናቸው? ደንበኛ ስትጠብቁ፣ ስብሰባ ስትሄዱ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ስትከታተሉ የምታሳልፉትን አውጡና ቁጠሩ፤ አሥር ቀን ከተገኘ ጥሩ ነው። እንግዲያው የአንድ ቀናችሁ ዋጋ 3 ሺህ ብር ነው። አራት ቀን የሚፈጅ ሥራ ከ12 ሺህ በታች ከተቀበላችሁ ልዩነቱን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። አውቃችሁ ከከፈላችሁት ግድ የለም። ደግሞም ሎጎው ለአንድ ካፌ በር ሲሆንና ለመቶ ቅርንጫፍ ሲሆን ዋጋው አንድ አይደለም፤ የፈጀባችሁ ጊዜ አንድ ቢሆንም።

በነፃ ሥሩ ስትባሉስ? «ለጊዜው በጀት የለንም፣ ግን ስምህ ይታወቅበታል» ይላሉ። እኔ ነፃ ሥራን በጭፍኑ አልቃወምም። ለዕድር፣ ለደብር ወይም ለመስጊድ፣ ለታመመ ጓደኛ መሥራት ያለና የሚኖር ነው። ግን የምትሰጡትን እናንተ ምረጡ፤ ወረቀቱ ላይም ሙሉ ዋጋውን ጽፋችሁ ሰርዙት። 12 ሺህ ብር ተሰርዞ ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ «ትንሽ ነገር ናት» አይልም። አዳራሽና ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ፣ ምግብና መስተንግዶ ከፍሎ፣ ለድምፃዊው ብቻ በጀት ያጣ ድርጅት ግን ስጦታ አይገባውም።

ደረሰኝ ላይ ብዙ አልቆይም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ከሌላችሁ ትልልቅ ድርጅቶች ሊከፍሏችሁ ቢፈልጉም ይቸገራሉ። ያን ጊዜ ፈቃድ ያለው ሰው ፍለጋ ትሄዳላችሁ፤ እሱ በስሙ ተቀብሎ ድርሻውን ያነሳል፤ ሥራውም በወረቀት ላይ የእሱ ይሆናል። የዩቲዩብ ቻናልም ላይ ይኸው ችግር አለ፤ ገንዘቡ የሚገባው ውጭ አገር ባለ ዘመድ አካውንት ነው፣ ቻናሉ የተከፈተውም በሱ ኢሜይል ነው። ፍቅር እስካለ ድረስ ሁሉም ደህና። ጠብ ሲመጣ ግን የአምስት ዓመት ሥራችሁ የይለፍ ቃል በያዘው ሰው እጅ ነው። ወንድም ለወንድም ቢሆንም ተጻጻፉ።

ስለ አንድ ከፋይ ላይ መንጠልጠል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ለረጅም ጊዜ የኮንሰርቱም፣ የቴሌቪዥን ትዕይንቱም፣ የበዓል ፕሮግራሙም ስፖንሰር ቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ሲገድብ ያ ምንጭ ባንድ ጊዜ ተመታ። አዋጁን ለጤና ሲባል ብደግፈውም፣ ያን ዓመት ሥራ ያጡ የካሜራ ባለሙያዎችና የመድረክ ሠራተኞች ዓይኔ ላይ አሉ። ቢራው ባይሄድ ሌላው ይሄድ ነበር። ባንክ ዛሬ ይከፍላል፣ ነገ ወጪ ሲቆጥብ መጀመሪያ የሚያጥፈው የማስታወቂያ በጀቱን ነው። የእርዳታ ድርጅትም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል።

መንገድ መቀየርም ያጋጥማል፤ አትደንግጡ። ሚካኤል ጸጋዬ እ.ኤ.አ. በ2002 በሥዕል ተመርቆ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ የዘይት ቀለም አለርጂ ያዘው። ሠዓሊ በቀለም አለርጂ! ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሳ፤ ዛሬ የምናውቀው በፎቶግራፍ ባለሙያነቱ ነው። መላኩ በላይ ደግሞ ካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ እዚያው ባንኮኒው ሥር እያደረ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ተረከበው። ከዚያ በኋላ ፈንድቃ የሥዕል ማሳያና የግጥም ምሽት ያለበት የባህል ማዕከል ሆነ፤ «ኢትዮከለር» የተባለው ቡድኑም ውጭ አገር እየዞረ ተጫወተ። ሁለቱ ታሪኮች ይለያያሉ፤ አንዱ ሙያውን ቀየረ፣ ሌላው ሙያውን ይዞ ቦታውን ቀየረ፤ ከተሸላሚነት ወደ ቤት ባለቤትነት። መላኩ ባንኮኒ ሥር ማደሩን ለወጣቶች እንደ ምሳሌ ሲያቀርቡት እሰማለሁ። እኔ አላቀርበውም። ከዚያ መውጣቱን ነው የማደንቀው፤ ማደሩን ለማንም አልመኝም።

ወላጆች፣ ረሳኋችሁ እንዳትሉ። ልጃችሁ ካሜራ ግዙልኝ ሲል ከሁሉ ውድ የሆነውን ለመግዛት መሬት አትሽጡ። የተከራየ ካሜራ ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃል። ይልቅ ከላይ ያልኩትን አንድ ገጽ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ጻፉ። ከእናንተ መካከል ነጋዴ አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ጠበቃም አይጠፋም። ልጁ የጎደለው የእናንተ እውቀት ነው፣ እናንተ ግን ሐኪም እንዲሆን ስትለምኑት ጊዜው አለቀ። ማታ ቤት ስትገቡም «ምን ልትበላ?» የሚለውን በሌላ ጠይቁት፤ «የመጀመሪያው ከፋይህ ማን ነው? ደውለህለታል ወይ?»

በመጨረሻም በዚህ አዳራሽ ድርጅት የምትመሩ፣ የግዢ ክፍል የምትሠሩ ሰዎች ካላችሁ፣ አንድ ልማድ እንድትተዉ ልጠይቅ። ጨረታ ታወጡና «ዲዛይኑን ሠርታችሁ አምጡ» ትላላችሁ። ስምንት ሰው ሠርቶ ያመጣል፤ አንዱ ያሸንፋል፤ የሰባቱ ሐሳብ እናንተ ዘንድ ይቀራል፣ አንዳንዴም ከአሸናፊው ሥራ ላይ ተለጥፎ አደባባይ ይወጣል። መሐንዲስ «ፎቁን ሠርተህ አሳየኝ፣ ካማረኝ እከፍልሃለሁ» ተብሎ አያውቅም። መጀመሪያ የቀድሞ ሥራቸውን አይታችሁ ሦስት ሰው ምረጡ፤ ለሦስቱም የረቂቅ ዋጋ ክፈሉ፤ የተሸነፉትን ረቂቅ መልሱላቸው። ወጪው ለአንድ ምሽት መስተንግዶ ከምታወጡት ይበልጣል ብዬ አላስብም፤ የሚቀርብላችሁ ሥራ ግን ሌላ ይሆናል።

ስለ ጋለሪዎችና ሥዕልን ውጭ ስለመሸጥ ልናገር አስቤ ሰዓቱ ቀደመኝ፤ ከጥያቄዎቻችሁ ጋር እመለስበታለሁ። አዳራሹ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ የእኛ ነው። ከኋላ ካለው ወጣት እንጀምር፤ እጅህን ቀድመህ አንስተሃል።